አበባው የረገፈ ኦርኪድ፦ ክፍት ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ከበዓል በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «በስጦታ ያገኘሁት ኦርኪድ አበባው ረገፈ፣ ሞተ እንዴ?» አልሞተም። በብዛት የሚሸጠው ፋሌኖፕሲስ የሚባለው ነው፤ ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም፣ አበባው ሁለት ሦስት ወር የሚቆይ። አበባው ሲያልቅ ቅጠልና ሥር ወደ ማውጣት ይመለሳል። ዛሬ የማወራው ስለዚህኛው ነው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ የት ከተማ እንዳላችሁ፣ የሥሩን ቀለም፣ በምን እንደተተከለ።

ከሳሪስ፦ ጋሼ፣ አበባው ረግፎ ዘንጉ ብቻ ቀረ። አረንጓዴ ነው። ልቁረጠው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ዘንጉ ቢጫ ሆኖ ወደ ቡኒ ከሄደ ከታች ቆርጠሽ ጣይው። አረንጓዴ ከሆነ ምርጫው ያንቺ ነው። ከታች ስትቆጥሪ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው አንጓ ትንሽ ከፍ ብለሽ ብትቆርጪ፣ ከአንጓው ቅርንጫፍ ወጥቶ እንደገና ሊያብብ ይችላል። አበባው ግን ያንሳል፤ ተክሉንም ያደክመዋል። ሁለት ቅጠል ብቻ ከቀረው ወይም ሥሩ ከተጎዳ አታስጨንቂው፣ ከታች ቁረጪው። መቀሱን መጀመሪያ እሳት ላይ አግለሽ አቀዝቅዢ። ኦርኪድን የሚይዙ ቫይረሶች በመቀስ ይተላለፋሉ፣ መድኃኒትም የላቸውም።

ከአያት፦ የኔም እንደዚሁ ሆኗል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሥሩ ቀለም? በምን ተተክሏል?

ከሲኤምሲ፦ በሳምንት ስንት ጊዜ ነው ውኃ የሚጠጣው? እኔ በየሁለት ቀኑ አጠጣዋለሁ፣ ግን ቅጠሉ እየተጨማደደ ነው።

መልስ፦ «በሳምንት ይህን ያህል ጊዜ» የሚባል ነገር የለም። ሐምሌና ጥር እንዴት አንድ ይሆናሉ?

ይህ ተክል በትውልድ አገሩ፣ በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ ደኖች፣ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ሥሩ አፈር አያውቅም። ዝናብ ሲመጣ ይርሳል፣ ከዚያ ነፋሱ ያደርቀዋል። ሥሩን የሸፈነው ነጣ ያለ ልባስ ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። ሲደርቅ ብርማ ግራጫ ይሆናል፤ ሲርስ እያያችሁት ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። በሚያሳይ ፕላስቲክ ፖት ከገዛችሁት ይህንን ሁሉ ከውጭ ታዩታላችሁ። ስለዚህ ካላንደሩን ትታችሁ ሥሩን እዩ። አረንጓዴ ከሆነ አትንኩት። ብርማ ሲሆን አጠጡት።

አጠጣጡ ቀላል ነው። ፖቱን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ዘፍዝፉት፣ ከዚያ አውጥታችሁ እስኪንጠፈጠፍ ጠብቁ። ከውጭ የሚደረግለት የሚያምረው ሴራሚክ ታች ውኃ ካቆረ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ቡኒ ነው፣ በጣት ሲጫኑት ልጣጩ ይሟልጭና መሃሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ያንቺም ቅጠል የተጨማደደው በዚህ ይመስለኛል። ሰው ቅጠሉን አይቶ «ጠምቶት ነው» ይልና ይጨምርበታል። ሥር የሌለው ተክል በምን ይጠጣል? አውጪና ሥሩን እዪው፤ የበሰበሰውን ቆርጠሽ በአፈር ፋንታ በሚሆን አዲስ የዛፍ ቅርፊት ውስጥ ትከዪው።

ሌላ። በጠዋት አጠጡ። ቅጠሎቹ የሚገናኙበት እምብርት ውስጥ ውኃ ከገባ በሶፍት አድርቁት። ፋሌኖፕሲስ የሚያድገው በዚያች አንዲት ነጥብ ነው፤ እሷ ከበሰበሰች ተክሉ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም።

ከሜሪላንድ፦ እኔ በሳምንት ሦስት ኩብ በረዶ አደርግበታለሁ፣ በጣም ተስማምቶታል።

ከዱባይ፦ የሞቃት አገር ተክል ላይ በረዶ? ኧረ በፈጣሪ!

ከሜሪላንድ፦ ከአፌ አይደለም ያወጣሁት። የኦሃዮ ስቴትና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እንደ ፈረንጆቹ ባወጡት ጥናት ጉዳት አላገኙበትም።

ከዱባይ፦ ወረቀት ላይ ሁሉም ያምራል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ጥናቱ አለ። ቅርፊት ላይ በተተከለ ፋሌኖፕሲስ በረዶው የአበባውን ዕድሜ አላሳጠረም። በረዶ ይገድላል ማለት ስለዚህ ልክ አይደለም። እኔ ግን አልመክርም። ቀስ ብሎ የሚቀልጥ ትንሽ ውኃ የተጠራቀመውን የማዳበሪያ ጨው አያጥብም። ለዓመታት ማቆየት የሚፈልግ ሰው ሥሩን ማጠብ አለበት። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከሐዋሳ፦ የተተከለበት እንጨት ነገር ብስብስ ብሏል። ጥሩ ጥቁር አፈርና ፍግ ቀላቅዬ ላዛውረው?

መልስ፦ አፈር አይሆንም! ፍግም አይሆንም። አፈር ውስጥ የገባ ፋሌኖፕሲስ ሥሩ ታፍኖ ያልቃል።

ጊዜውን ግን አውቀሽበታል። አበባው ከረገፈ በኋላ፣ አዲስ ሥር መውጣት ሲጀምር ነው የሚዛወረው። ቅርፊቱ በሁለት ዓመት ገደማ ስለሚበሰብስ መቀየር አለበት። የሚያስፈልግሽ አየር የሚያሳልፍና ቶሎ የማይበሰብስ ነገር ነው። የፓይን ቅርፊት ካገኘሽ እሰየው፤ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ቆራርጠሽ አንድ ሌሊት ዘፍዝፊው። ካጣሽ ያልነደደ ከሰል ሰባብረሽ ከቀይ አሽ ጋር ቀላቅዪ። አዎ፣ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ቀይ አሽ ነው የምልሽ። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ቀዳዳ ስላለው ውኃም አየርም ይይዛል፣ አይበሰብስም። አቧራውን ውኃው እስኪጠራ እጠቢ። ከቅርፊት ቶሎ ስለሚደርቅ ሥሩን ቶሎ ቶሎ እዪ። ፖቱን አታተልቂው፤ ሥሮቹ ተጨናንቀው የሚገቡበት ይበቃል። ከፖቱ ወጥተው የተንጠለጠሉትን ሥሮች አትቁረጪ፣ በግድ ወደ ውስጥም አታስገቢ። ጤነኞች ናቸው።

ከአዳማ፦ የሩዝ ውኃ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቡና ዝቃጭ፣ ዩሪያ... የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ አንዳቸውም። 20-20-20 የሚሟሟ ማዳበሪያ ግዛ፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ሩቡን ብቻ በጥብጥ፣ ሥሩን በንጹሕ ውኃ ካራስክ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ስጠው። ሥሩ ለተበላሸ ተክል ምንም አትስጥ።

ከቦንጋ፦ እኛ ጋ ቡናው ላይ ነጭ አበባ ያለው ኦርኪድ ሞልቷል። ለሚፈልግ ነቅዬ ልልክ እችላለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ አትንቀል። ማንም እንዳይገዛ። የዱር ኦርኪዶች በሙሉ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቁ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጡም።

ከሕጉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ተክሉ ነው። አንተ ጋ ያለው ኤራንጊስ ከሚባሉት አንዱ ሊሆን ይችላል። አበባውን ከኋላው እየው፤ ረጅም ቀጭን ጅራት ካለው ማሩ ያለው እዚያ ጫፍ ነው። እዚያ የሚደርሰው በሌሊት የሚበር፣ ምላሱ ረጅም የእሳት እራት ብቻ ነው። ዘሩ ደግሞ ከዱቄት ይደቃል፣ ስንቅ የለውም። የዛፉ ቅርፊት ላይ የሚኖር ተስማሚ ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ እራቱም ፈንገሱም የለም። ከፋ በ2010 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው እንዲህ ያለውን ሁሉ የያዘ ደን ስለሆነ ነው።

ከጅማ፦ ጋሼ፣ ገበሬው ቡናውን ሲያጸዳ እሱንም ልጦ ይጥለዋል። ከሚሞት ብናነሳው ምን አለበት?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የወደቀውን አንሱት፣ ግን እዚያው አካባቢ ጥላ ያለው ትልቅ ዛፍ ላይ በገመድ እሰሩት። ሥሩ ቅርፊቱን ሲይዝ ገመዱን ፍቱ። ገበሬዎቹንም አነጋግሩ። ኦርኪዱ ዛፉ ላይ ተቀምጦ ነው እንጂ ዛፉን አይመጥም።

ከዱባይ፦ የኔ ቅጠሉ ያምራል፣ ሥሩ አረንጓዴ ነው፣ ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ አላበበም።

መልስ፦ ሙቀቱ ነው። ከ28 ዲግሪ በላይ ሲከርም ቅጠል ብቻ ያወጣል። ለጥቂት ሳምንታት ቀኑ ከ25 የማይበልጥ፣ ሌሊቱ 18 አካባቢ የሆነ ክፍል ስጪው። ኤሲው ያለበት ክፍል ይሆናል፣ ነፋሱ በቀጥታ አይምታው እንጂ። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነም ብርሃን አንሶታል ማለት ነው፤ ወደ መስኮት አቅርቢው። አዲስ አበባ ያላችሁ በዚህ ታድላችኋል፤ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ራሱ ሥራውን ይሠራል። በረንዳ ላይ ግን አታሳድሩት፣ ከ13 ዲግሪ በታች ይጎዳዋል። የቀትር ፀሐያችንም ቅጠል ያቃጥላል። ስስ መጋረጃ ይኑር።

ከገርጂ፦ ይቅርታ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ነው ውኃ የሚጠጣው?

መልስ፦ ከላይ ለሲኤምሲ የመለስኩትን አንብቡ። ሥሩን እዩ ብያለሁ።

ከቴል አቪቭ፦ የኔ ዴንድሮቢየም ነው፣ እንደ ሸንበቆ ቀጥ ያለ። አበባው ሲያልቅ ግንዱን ልቁረጥ?

መልስ፦ አትቁረጪ። አሮጌው ግንድ ለአዲሱ ስንቅ ነው፤ ጠውልጎ ሲደርቅ ብቻ ይቆረጣል። የእሱ አያያዝ ሌላ ነው፣ በሌላ ቀን።

ከአያት፦ ፖቱን አሁን አየሁት። ሥሩ ግማሹ ብርማ፣ ግማሹ ቡኒ ነው፤ የተተከለው ቅርፊት ላይ ነው። ቅጠሉ ሥር ደግሞ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር አለ።

መልስ፦ አሁን መነጋገር ይቻላል። ነጩ ተባይ ነው። ከሌሎች ተክሎች ዛሬውኑ ለዪው። ከፋርማሲ 70 ፐርሰንት አልኮል ገዝተሽ በጥጥ እየነካሽ ጥረጊው፣ የቅጠሉን ሥር ሥር አትርሺ። በየሳምንቱ ድገሚው፤ እንቁላሉ ይቀራልና። ቡኒው ሥር ለስላሳ ከሆነ ቆርጠሽ ጣዪው፣ ጠንካራ ከሆነ ተዪው። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ብቻ ትንሽ ቀረፋ ነስንሺ፤ ጤነኛው ሥር ላይ ካረፈ ያደርቀዋል። ፎቶ አንስተሽ በሚቀጥለው ሳምንት አሳዪኝ።