የኮሮነር ሕግ ሲቀየር የተጀመረው መዝገብ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ በሕግ ተመርቄ ጥቂት ዓመት በጠበቃ ቢሮ ሠርቻለሁ። አሁን የምኖረው እንግሊዝ ነው። ለኮሮነር ኦፊሰርነት (አጠራጣሪ ሞትን ለሚያጣራ ዳኛ ረዳትነት) አመልክቼ ኢንተርቪው ተጠራሁ። «የኮሮነር ሕግ ተሽሮ በሌላ ሲተካ በእንጥልጥል ያሉት ጉዳዮች ምን ይሆናሉ?» አሉኝ። «ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ በአሮጌው ሕግ ያልቃሉ» አልኳቸው። ሥራውን አላገኘሁም። ምን ማለት ነበረብኝ? በዚህ መስመርስ ልቀጥል?

መልስ፦ እህቴ፣ መልስሽ ከየት እንደመጣ ገብቶኛል። ከሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 22 ነው። ሲፈጸም ወንጀል ያልነበረ ድርጊት በኋላ በወጣ ሕግ አያስቀጣም። ሕግ ትምህርት ቤት የረገጠ ሰው ይህን ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱትም ይመልሰዋል። ችግሩ፣ ኮሮነር ፊት ተከሳሽ የሚባል ሰው የለም።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ተቋም ስለሌለ ነገሩ ቢያደናግርሽ አይገርምም። በኛ ዘንድ አጠራጣሪ ሞት ሲያጋጥም ፖሊስ ያጣራል፣ አስከሬኑ ለምርመራ ሆስፒታል ይላካል፤ ከዚያ ነገሩ የዐቃቤ ሕግ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ግን በኃይል የደረሰ፣ ተፈጥሯዊ ያልሆነ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ወይም በእስር ላይ ያጋጠመ ሞትን የሚያጣራ ኮሮነር የተባለ የራሱ ዳኛ አለ። ችሎቱ ኢንኩዌስት ይባላል። ሟቹ ማን ነበር፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት ሞተ ብሎ ይጠይቃል። ሕጉ ራሱ ውሳኔው ስሙ የተጠቀሰን ሰው በወንጀል ጥፋተኛ የሚያደርግ እንዳይመስል ይከለክላል። የሚቀጣ ሰው ከሌለ «ወደ ኋላ አይሠራም» የሚለው ጋሻ ለማን ይሆናል?

አሁን ወደ ጥያቄያቸው። ይህ ፈተና በእውን ደርሷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የ1988ቱ የኮሮነሮች ሕግ በ2009 በወጣው ሕግ ተተካ፤ አዲሱ ግን ሥራ ላይ የዋለው ጁላይ 25 ቀን 2013 ነው። በዚያን ቀን ተከፍተው ያላለቁ መዝገቦች ነበሩ። የተመረጠው መንገድ አንቺ ካልሽው ተቃራኒ ነው፤ ያላለቀው ሁሉ ወደ አዲሱ ሥርዓት ገባ። ያም ሆኖ መዝገቡ ከሀ አልተጀመረም፤ በአሮጌው ሕግ በአግባቡ የተሠራው ሥራ ባለበት ጸና።

ምክንያቱ ለሕግ ሰው እንግዳ አይደለም። የሥነ ሥርዓት ሕግ (ጉዳዩ የሚካሄድበትን መንገድ የሚወስነው) ሲለወጥ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በሂደት ላይ ያለውንም ጉዳይ ይይዛል። የሥረ ነገር መብት (ሰው በሕግ ያገኘው መብት ራሱ) ግን በቀላሉ አይነካም። የመሸጋገሪያ ድንጋጌው (በእንጥልጥል ያሉ ጉዳዮች ምን እንደሚሆኑ የሚናገረው የአዲሱ ሕግ ክፍል) ዝም ያለ ከሆነ ደግሞ የ1978ቱ የትርጓሜ ሕግ አንቀጽ 16 ይመጣል፤ ሕግ መሻሩ ብቻ ቀድሞ የተገኘን መብት ወይም የተጀመረን ምርመራ አያስቀርም፣ ተቃራኒ ሐሳብ ካልታየ። መልስሽ እዚህ ጋር ትንሽ እውነት ነበረው። ግን መጨረሻ ላይ መምጣት የነበረበትን መጀመሪያ ላይ አመጣሽው።

ሂልስቦሮን አንብቢ። በ1989 በሼፊልድ ስታዲየም የደረሰው አደጋ ነው። በ1991 የተሰጠው ውሳኔ «በአደጋ የደረሰ ሞት» የሚል ነበር። ቤተሰቦች ለዓመታት ታገሉ። ዲሴምበር 2012 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረ። የሻረው በአሮጌው ሕግ አንቀጽ 13 ነው፤ ኢንኩዌስት ተሽሮ እንደገና እንዲካሄድ የሚፈቅደው ማለት ነው። አዲሱ ችሎት ግን በዋሪንግተን የተከፈተው ማርች 2014 ነው፣ አዲሱ ሕግ ከገባ በኋላ ማለት ነው። ኤፕሪል 2016 ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) 96ቱ ሰዎች የሞቱት በሕገወጥ ግድያ ነው አለ። አንድ ጉዳይ በሁለት ሕግ ዘመን ሲሻገር ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ያ አንቀጽ 13 ዛሬም በሕይወት አለ። ለኮሮነሮች አለቃ ይግባኝ ይቀርባል የሚለው የአዲሱ ሕግ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ስለተሻረ፣ «ተተካ» ከተባለው ሕግ ውስጥ ይህ ቁራጭ ቀረ። ኢንተርቪው ላይ ይህን ብትጠቅሺ ጠያቂዎቹ ቀና ብለው ያዩሻል።

ስለዚህ ቀጣዩ መልስሽ እንዲህ ይሁን፦ «መጀመሪያ የመሸጋገሪያ ድንጋጌውን አያለሁ። ዝም ካለ፣ ለውጡ የሥነ ሥርዓት ነው ወይስ የመብት ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ ለቤተሰቡ የትኛው ቀጠሮና ማስታወቂያ እንደጸና እነግራለሁ።» የመጨረሻዋን አትርሺ። ኮሮነር ኦፊሰር ሕግ ተንታኝ አይደለም። ስልክ የሚያነሳው፣ ከሐኪምና ከፖሊስ መረጃ የሚሰበስበው፣ ለሐዘንተኛው «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ ለሚጠይቀው መልስ የሚሰጠው እሱ ነው።

ልቀጥል ወይ ላልሽው፣ ቀጥይ እላለሁ። የኮሮነር ኦፊሰሮች ቀጣሪ አንዳንድ ቦታ ፖሊስ፣ አንዳንድ ቦታ የአካባቢው ካውንስል ስለሆነ ሁለቱንም ድረ ገጽ ተከታተዪ። ጠበቃ መሆን ከፈለግሽ ግን ሌላ መንገድ ነው። ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ሶሊሲተር (የእንግሊዝ ጠበቃ) የሚኮነው ኤስኪውኢ በተባለ ፈተና ነው፤ የውጭ ዲግሪ ተመጣጣኝነቱ ከታየ ይበቃል። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድም ይጠይቃል፣ እስከ አራት ቦታ ከፋፍለሽ ልትሞዪው ትችያለሽ። በኢትዮጵያ የጥብቅና ፈቃድ ካለሽ ልምዱ ሊቀርልሽ ይችላልና ፈቃድ ሰጪውን አካል አስቀድመሽ ጠይቂ። ክፍያው ከበድ ይላል፤ ሥራ ይዘሽ ቀስ እያልሽ ተፈተኚ።

ኮሮነር ራሱን መሆን ካማረሽ፣ በሕግ ሙያ ቢያንስ የ5 ዓመት ብቃት ያስፈልጋል። ድሮ ሐኪምም ይሾም ነበር። የ2009ኙ ሕግ በሩን ለሕግ ባለሙያ ብቻ አደረገው፤ በቦታው የነበሩት ሐኪሞች ግን አልተባረሩም። ለእነሱም የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ነበራቸው።