ለሚስት የታዘዘው ኪኒን ለባል አይሆንም

ውድ ወገኖቼ፣ በሰው አገር ሐኪም ዘንድ ለመቅረብ ቀጠሮውም ቋንቋውም ስለሚያታክት፣ ከአንዱ የተረፈውን መድኃኒት ለሌላው ማካፈል በብዙ ቤት የተለመደ ነው። በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ግን ይህን ፈጽሞ እንዳታደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ፤ በሽታው በስም አንድ ቢሆንም በሴትና በወንድ ሰውነት ውስጥ የሚደርስበት ቦታም ሆነ የሚያስከትለው ጉዳት ይለያያል።

ሴቶችን አዘውትሮ የሚያጠቃው በዋናነት ከአካል አፈጣጠር የተነሣ ነው። የሴት የሽንት መውጫ ቱቦ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የወንዱ 20 ገደማ ስለሚደርስ፣ ከአንጀት የሚመጣውና የአብዛኛው ኢንፌክሽን መነሻ የሆነው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ወደ ሴቷ ፊኛ በቀላሉ ይዘልቃል። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይያዛሉ። ሆኖም ነፍሰ ጡር ባልሆነች ጤናማ ወጣት ሴት ላይ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከፊኛ ሳያልፍ በጥቂት ቀናት መድኃኒት ይድናል።

ወንድ የሚያዘው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲያዝ ግን ይከብዳል። በተለይ ከ50 ዓመት በኋላ ፕሮስቴት የተባለው እጢ እያደገ ሲሄድ ሽንት ሙሉ በሙሉ ስለማይወጣ፣ ፊኛ ውስጥ በቀረው ሽንት ባክቴሪያው ይራባል፣ ወደ እጢውም ሊገባ ይችላል። ለሴቶች በብዛት የሚታዘዘው ናይትሮፉራንቶይን የተባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ ፕሮስቴት ውስጥ በበቂ መጠን አይደርስም። ስለዚህ የሚስቱን ኪኒን የዋጠ ባል ማቃጠሉ ጋብ ቢልለትም ባክቴሪያው እጢው ውስጥ ሊቆይና ሊያገረሽ ይችላል። የወንድ ሕክምና ብዙውን ጊዜ 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሚወስድ በመሆኑ የተረፈ ኪኒን በቁጥርም አይበቃውም።

ሆርሞንም የራሱ ድርሻ አለው። በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ወንዶቹም ሆኑ የወንድ ሆርሞን የተሰጣቸው ሴቶቹ በከፋ የኩላሊት ኢንፌክሽን ተይዘዋል። የአይጥ ውጤት በቀጥታ ለሰው አይወሰድም፤ ነገር ግን ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን የምትወስዱ ሁሉ ይህንኑ ለሐኪማችሁ መንገር ይገባችኋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእናቶቻችን ጉዳይ ነው። ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን በሴት ብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ የተባሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይመግባል፤ እነርሱም አካባቢውን አሲዳማ በማድረግ ጎጂዎቹን ይከላከላሉ። ሴት ስታርጥ ይህ ጥበቃ ስለሚሳሳ ኢንፌክሽኑ ይመላለሳል፣ እርሷም በየጊዜው አንቲባዮቲክ ስትወስድ ትኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት፣ በብልት የሚቀባ የኤስትሮጅን ክሬም የተጠቀሙ፣ ኢንፌክሽኑ የሚመላለስባቸው ያረጡ ሴቶች በዓመት በአማካይ 0.5 ጊዜ ሲታመሙ፣ ያልተጠቀሙት ግን 5.9 ጊዜ ታመዋል። በአፍ የሚዋጠው ኤስትሮጅን ይህን ጥቅም አይሰጥም። በ6 ወር 2 ጊዜ ወይም በዓመት 3 ጊዜ የምትታመም እናት ካለቻችሁ ስለዚህ ክሬም ሐኪሟን ጠይቁላት፤ የጡት ካንሰር ታማ ከነበረም አስቀድማችሁ አሳውቁ። ወንድ ልጇ ካስተረጎመላት ግን ዋናውን ነገር አፍራ ትተወዋለችና ሴት አስተርጓሚ እንድትመደብላት ጠይቁ።

ነፍሰ ጡሮች ደግሞ፣ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ከኩላሊት የሚወርዱትን ቱቦዎች ስለሚያላላና ባክቴሪያው ወደ ኩላሊት በቀላሉ ሊወጣ ስለሚችል፣ ምንም ሕመም ባይሰማቸውም በእርግዝናው መጀመሪያ የሽንት ምርመራ ሊያደርጉ ይገባል።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ውጋት ወይም ማስታወክ ከተጨመረ ሴትም ሆነ ወንድ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ድንገተኛ ሕክምና ይሂድ። ከተቻለም የሽንት ናሙና የመጀመሪያው ኪኒን ከመዋጡ በፊት ይሰጥ፤ መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ ባክቴሪያው በካልቸር ምርመራ (በላቦራቶሪ አሳድጎ በሚለየው ምርመራ) ላይታይ ስለሚችል፣ ሐኪሙ የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚያጠፋው ለመለየት ይቸገራል።