«ክትባቱ ሙሉ ነው» ተብሎ የተሸጠ ቡችላ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። በቴሌግራም ማስታወቂያ አይቼ ለልጆቼ ቡችላ ገዛሁ። ሻጩ «ንጹሕ ጀርመን ሼፐርድ ነው፤ 2 ወር ሞልቶታል፤ ክትባቱ ሙሉ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። 5,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ላክሁለት። ቅዳሜ ፍራንኮ አካባቢ ተገናኘን። ቀሪውን 13,000 ብር በእጁ ሰጠሁት፤ እሱም ቡችላውን በካርቶን፣ የክትባት ካርዱን ከላይ አድርጎ አስረከበኝ። ሰኞ ማስመለስ ጀመረ። ማክሰኞ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ መጣ። ክሊኒክ ወሰድኩት፤ መርምረው ፓርቮ (ቡችላን የሚገድል የቫይረስ በሽታ) ነው አሉኝ። ባለፈው ሐሙስ ሞተ። ሻጩ ጋ ስደውል «ከቤቴ ሲወጣ ደህና ነበር፤ ምን አብልተሽው ነው? ከፈለግሽ እህቱን ልስጥሽ» አለኝ። ብሬን መልስልኝ ስለው ግን «ውል አለሽ?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እውነትም የተፈራረምነው ወረቀት የለም። ብሬን ማግኘት እችላለሁ? ሌላ ጊዜስ እንዴት ልግዛ? ረስቼው፣ ረቡዕ መድኃኒት ስንሰጠው የጎረቤቴን ልጅ ጣቱን ነክሶት ነበር፤ ግን ጭረት ቢጤ ነው።

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ሁሉ ያስደነገጠኝ «ረስቼው» ብለው የጨመሩት መጨረሻው ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ከመጀመሬ በፊት ደውዬ የነገርኩዎትን ለሌሎች አንባቢዎች ስል እደግመዋለሁ። ብሩ ይቆየን።

አንድ ውሻ ሰው ነክሶ ለ10 ቀን በሕይወትና በጤና ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት የእብድ ውሻ በሽታ አላስተላለፈም ማለት ይቻላል። የእርስዎ ቡችላ ግን በማግስቱ ሞተ። ፓርቮ እንደነበረበት ታውቋል፤ ሌላ ነገር እንዳልነበረበት ግን የሚመሰክር የለም። የክትባት ታሪኩም፣ ቀጥሎ እንደምናየው፣ የሚታመን አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ከተደረሰበት ግን በክትባት ይቆማል። የተነከሰ ቦታ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠባል፤ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ነው። «ጭረት ነው» የሚባል ነገር የለም። ልጁ ክትባቱን መጀመሩን ሰምቼ እፎይ ብያለሁ። ቀጠሮዎቹን አንዱንም እንዳያሳልፉበት።

ነገሩ የሕግም ጣጣ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ። ቡችላው ሲነክስ ባለቤቱ እርስዎ ነበሩ። ስለዚህ የልጁን ሕክምና ወጪ የሚሸፍኑት እርስዎ ነዎት፤ ጎረቤት ስለሆኑ ቀድመው ቢከፍሉ ደግሞ ያምርብዎታል። ደረሰኞቹን ግን አይጣሉ። ሻጩ ያልተከተበውን ተከትቧል ብሎ ሸጦልዎት ከሆነ፣ ይህ ወጪ ከእሱ በሚጠይቁት ኪሣራ ውስጥ ይገባል ብዬ እከራከራለሁ።

አሁን ወደ «ውል አለሽ?»

አለዎት። ብዙ ሰው ውል ማለት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይመስለዋል። ሕጉ ግን የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በፈለጉት መንገድ ይደረጋል፤ አንቀጽ 1719 ነው። ለቤት ሽያጭ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ቡችላ ግን በሕጉ ዓይን ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። አንቀጽ 1127 እንዲህ ያሉ ንብረቶችን በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ወይም በሰው የሚንቀሳቀሱ ብሎ ይገልጻቸዋል፤ ውሻ በመጀመሪያው በኩል ነው። ከወንበርና ከቴሌቪዥን የሚለየው በዚህ ብቻ ነው ማለት ነው። ውሻ ያሳደገ ሰው ይህን ሲሰማ አይደሰትም፤ እኔም አልደሰትም፤ ግን ለክስዎ የሚረዳው ይኸው ነው፤ የሽያጭ ሕጉ እንዳለ ይሠራልዎታል።

ማስረጃ ካሉኝ ደግሞ ያ የላኩት ቀብድ አለልዎት። በአንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። የቴሌብሩ መልእክት ላይ የሻጩ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ አለ። «ውል የለንም» የሚል ሰው 5,000 ብር ለምን ተቀበለ? (ነገር ከተነሣ አይቀር፦ ቀብድ የሰጠ ሰው ከውሉ ቢወጣ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። አንቀጽ 1885። ቡችላውን ሳያዩ ቀብድ አይላኩ የምለው ለዚህ ነው።)

ሁለተኛው ማስረጃዎ ቴሌግራሙ ነው። የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ አያጣም፤ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ይህን አስቀምጧል። ነገር ግን በቴሌግራም አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ይህን አሁኑኑ ያንብቡና ስልክዎን ያንሡ። ከማስታወቂያው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቃል ስክሪንሾት ያድርጉ፤ የአካውንቱ ስምና ስልክ ቁጥሩ የሚታይበትን ገጽም ይጨምሩ። አንድ ሰው አጠገብዎ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ነገ ምስክር ይሆናል። ቅዳሜ ሲረከቡ አብሮዎት የነበረ ሰው ካለም ስሙን ይያዙልኝ፤ ያ 13,000 ብር በእጅ የተሰጠ ነውና ያለ ምስክር ሊያስቸግረን ይችላል።

ሻጩ ምን አጠፋ? አንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። በውሉ በግልጽ ወይም በዘወርዋራ የተነገረለት ጠባይ ከጎደለውም ጉድለት ነው። «ክትባቱ ሙሉ ነው» የሚለው ቃል እንግዲህ የገበያ ወሬ ሆኖ አይቀርም፤ ሻጩ የገባው ግዴታ ነው።

እና ቃሉ ውሸት ነበር። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የቡችላ የፓርቮ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ይጀመርና እስከ 16 ሳምንት ገደማ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ 3 ወር ሲሞላው ነው የሚሰጠው። የ2 ወር ቡችላ ክትባት «ሙሉ» ሊሆንበት የሚችልበት ሒሳብ የለም።

የላኩልኝን የካርዱን ፎቶ አስፍቼ አየሁት። የልደት ቀኑ የካቲት 2 ነው። የመጀመሪያው ክትባት የካቲት 11 ይላል። በ9 ቀኑ ማለት ነው፤ ዓይኑ እንኳ ገና አልተገለጠም። የእብድ ውሻው ክትባት መጋቢት 15፣ በ6 ሳምንቱ። አራቱም ቀኖች በአንድ እስክርቢቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተጻፉ ይመስላሉ። ከክትባቱ ጠርሙስ ላይ ተልጦ የሚለጠፈው ትንሽ ወረቀት በአንዱም ረድፍ የለም። የሐኪም ስም የለም፤ ማኅተም የለም። ካርዱን እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት። ሻጩ «ልየው» ብሎ ቢጠይቅ እንኳ ዋናውን አይስጡት።

ከወዲያ በኩል የሚመጣውንም ልንገርዎ። የሻጩ ጠበቃ «ካርዱን አይታ ነው የገዛችው፤ ጉድለቱ ፊት ለፊት የሚታይ ነበር» ይላል። ሕጉ ገዢ ያወቀውን ወይም በከባድ ቸልተኝነት ካልሆነ ሊያመልጠው የማይችለውን ጉድለት ለሻጭ አያሸክምም። መልሳችን፦ እርስዎ የእንስሳት ሐኪም አይደሉም፤ ሻጩም በጽሑፍ አረጋግጦልዎታል።

«ከቤቴ ሲወጣ ደህና ነበር» ለሚለው ደግሞ በሽታው ራሱ ይመሰክርበታል። ፓርቮ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ቡችላውን የተረከቡት ቅዳሜ ነው፤ ያስመለሰው ሰኞ። ሁለት ቀን! ስለዚህ ካርቶኑ ውስጥ ሲገባ በሽታው አብሮት እንደነበር አጥብቆ ያመለክታል። ሕጉ የሚጠይቀውም ይኸንኑ ነው፤ ጉድለቱ ርክክብ ሲደረግ ነበረ ወይስ ኋላ መጣ? ስለዚህ ከክሊኒኩ በጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቁ፦ ቡችላው የቀረበበት ቀን፣ ምልክቱ የጀመረበት ቀን፣ የምርመራው ውጤት፣ በሽታው መቼ እንደያዘው ሐኪሙ ያለው አስተያየት፣ ፊርማና ማኅተም። የዚህ ጉዳይ ግማሹ ይህ ወረቀት ነው።

ጊዜ አያባክኑ። አንቀጽ 2292 ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት ይላል። ደውለዋል፤ ጥሩ ነው፤ ግን ስልክ ወሬ ነው። ዛሬ በቴሌግራምም በኤስኤምኤስም ይጻፉለት። እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «ክትባቱ ሙሉ ነው ብለህ በ18,000 ብር የሸጥክልኝ ቡችላ በተረከብኩት በሁለተኛው ቀን ታሞ፣ በክሊኒክ ምርመራ ፓርቮ ተገኝቶበት ሞቷል። ዋጋውንና የሕክምና ወጪዬን በ10 ቀን ውስጥ ካልመለስክ በሕግ እጠይቃለሁ።» ስድብ አይጨምሩበት። ነገ ዳኛ ያነበዋል። ጉድለቱን ለሻጩ ካስታወቁ በኋላ ክስ ለመመሥረት ያለዎት ጊዜ አንድ ዓመት ነው፤ አንቀጽ 2298። በማታለል የተደረገ ውል ይፍረስልኝ ለማለት ደግሞ በአንቀጽ 1704 እና 1810 የሁለት ዓመት በር አለ፤ እኔ ግን በአንዱ ዓመት ውስጥ ብንጨርስ እመርጣለሁ።

ሰውየው እምቢ ቢልስ? አዳማ ላይ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ክሱ በዚያው ይጻፋል። ቋንቋውን የማይጽፉ ከሆነ የሚያጽፉበትን ወጪ አብረው ያስቡት። እውነቱን ልናገርና፣ ለ18,000 ብር ጠበቃ ቀጥረው ዓመት ቢመላለሱ ትርፉ ያነሰ ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ያንን መልእክት ልኬ በሽማግሌ እጀምር ነበር። ጃርሱማ (የኦሮሞ ሽምግልና) በሰፈሩ የታወቀ ነው፤ በክልሉ የባህል ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ እውቅና አላቸው። ቡችላ የሚሸጥ ሰው ስሙ በሰፈር እንዲነሣ አይወድም። ሽማግሌ የጨረሰውን ግን በጽሑፍ ያስሩት።

ፖሊስም አለ። ሆን ብሎ በሐሰት ቃል ሰውን አታሎ ጥቅም ማግኘት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስቀጣል። ያ ካርድ የተፈበረከ ከሆነ አቤቱታ ማቅረብ መብትዎ ነው። «ብሬን ካልመለስክ አሳስርሃለሁ» ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንዳያደርጉት።

«እህቱን ልስጥሽ» ያለውን አይቀበሉ። አንደኛ፣ እህቱም በዚያው ግቢ ያደገች ናት። ሁለተኛ፣ የፓርቮ ቫይረስ መሬት ላይ ለወራት ይቆያል፤ ግቢዎ ውስጥ አሁንም አለ። የተኛበትን ጨርቅ ያቃጥሉ፤ ሲሚንቶውንና ሳህኑን በበረኪና ያጥቡ። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ለጊዜው ወደዚያ ግቢ አይግባ። ሦስተኛው የኔ የጠበቃው ምክንያት ነው፤ እህቱን ከተቀበሉ ሻጩ «ታርቀናል፤ ተተክቶላታል» ይላል፤ ብሩም ይቀራል።

ልጆቹ እያለቀሱ እንደሆነ በስልክ ነግረውኛል። ለእሱ ሕጉ ዋጋ አይቆርጥም። ሌላ ውሻ መፈለግዎ አይቀርም፤ ሲፈልጉ ፍራንኮ ላይ ካርቶን አይቀበሉ። ቡችላው የተወለደበት ቤት ይሂዱ። እናቱን ይዩ፤ ስታጠባ ቢያገኟት ደግሞ እሰየው። «እናቱ ሌላ ቦታ ናት» ከተባሉ ይመለሱ። የተሰረቀ ውሻ ሲሸጥ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ባለቤቱ ከመጣ ደግሞ ውሻውንም ብሩንም ሊያጡ ይችላሉ። 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለዩት። «ንጹሕ ዘር» ለሚባለው ነገር ብዙ ብር አይጨምሩ፤ የወላጆቹን ወረቀት የሚያሳይ ሻጭ ብዙ አላጋጠመኝም። የኔው ግቢ የሚጠብቀው የሀበሻ ውሻ ነው፤ ዘሩን ማንም አልጠየቀኝም፤ ሌባም አልጠየቀውም።

ወረቀቱ ደግሞ አንድ ገጽ ይበቃል። የሁለታችሁ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ስልክ፤ የቡችላው ፆታ፣ ቀለም፣ የሚለይበት ምልክት፣ የተወለደበት ቀን፤ የተሰጠው ክትባት በየስሙ፣ የሰጠው ሐኪም ስም፤ ዋጋው። ከዚያ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያስገቡ፦ «ቡችላው ከርክክቡ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ በፓርቮ መታመሙ በሐኪም ከተረጋገጠ ሻጭ ዋጋውንና የሕክምና ወጪውን ይመልሳል።» ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ ያድርጉት፤ ከዋጋው ላይም የተወሰነውን ሐኪም አይቶት እስኪመለስ ድረስ ይያዙ። ሻጩ በዚህ ካኮረፈ ቡችላውን እዚያው ይተዉለት።