ስለ «አንዶ» እና «ኢየንዶ» ጠይቁኝ፦ ከደሴ የስፓኒሽ ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው የምኖረው። ስፓኒሽ የተማርኩት በልጅነቴ ኩባ ነው፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ በምትባለው ደሴት። በደርግ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች እዚያ ተምረናል፤ ግማሹን ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሹን ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ። ቋንቋውን ስለምወደው የሚማር ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ዛሬ አንድ የግሥ ቅርጽ ብቻ ይዘን እንቆይ። «ኮሜር»፣ መብላት፣ «ኮሚየንዶ» ሲሆን፤ «አብላር»፣ መናገር፣ «አብላንዶ» ሲሆን። ስሙ ሄሩንዲዮ ነው። የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይሄ ቅርጽ በአማርኛ የቱ ነው? «በልቶ» ነው ወይስ «እየበላ»?

መልስ፦ «እየበላ» ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲሆኑ ነው የሚገባው። «ትራባሃ ካንታንዶ» ማለት እየዘፈነ ይሠራል ነው። «በልቶ ሄደ» ስንል ግን መጀመሪያ በላ፣ ከዚያ ሄደ። ለዚህ ስፓኒሽ «ኮሚዮ ኢ ሴ ፉዌ» ይላል፣ በላና ሄደ። ወይም «ዴስፑዌስ ዴ ኮሜር»፣ ከበላ በኋላ።

እኛን የሚያሳስተን የራሳችን ቋንቋ ነው። «ተነስቼ፣ ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ ወጣሁ» ማለት ለምደናል። ያንን ሁሉ በ«አንዶ» እና በ«ኢየንዶ» መደርደር ያምረናል። ኩባ እንደገባን ሰሞን እኔም በልቼ መጣሁ ለማለት «ቢኔ ኮሚየንዶ» አልኩ። አስተማሪዋ እጄን አየችው። እየበላሁ የመጣሁ መስሏት ነው። ያቺን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ሮጦ መጣ» ስንልስ? እኔ «ቢኖ ኮሪየንዶ» ተብሎ ነው ያገኘሁት።

መልስ፦ ጎበዝ፣ ትክክል ነሽ። ሩጫውና መምጣቱ እኮ አንድ ላይ ናቸው። አማርኛው «ሮጦ» ይበል እንጂ ሐሳቡ «እየሮጠ» ነው። ስለዚህ የአማርኛውን ቅርጽ ትተሽ ጊዜውን ተመልከቺ። አንድ ላይ ከሆነ ሄሩንዲዮ፤ ተራ በተራ ከሆነ ሌላ መንገድ።

ጥያቄ፦ ለእኔ፣ ለአንተ፣ ለእሷ ይለዋወጣል?

መልስ፦ አይለዋወጥም። እኛ «እየበላሁ፣ እየበላህ፣ እየበላች» እንላለን፤ እነሱ ለሁሉም «ኮሚየንዶ» ነው። ሰውየውን የሚነግርህ ከፊቱ ያለው ግሥ ነው፦ ኤስቶይ ኮሚየንዶ፣ ኤስታስ ኮሚየንዶ፣ ኤስታ ኮሚየንዶ። ጥቂት ወጣ ያሉ አሉ፤ ዶርሚር (መተኛት) «ዱርሚየንዶ»፣ ፔዲር (መጠየቅ) «ፒዲየንዶ»፣ ሌኤር (ማንበብ) «ሌዬንዶ»፣ ኢር (መሄድ) ደግሞ «ዬንዶ» ይሆናሉ። እነሱን በቃል መያዝ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ከኮምቦልቻ ነኝ። «ነገ ደሴ እወጣለሁ» ለማለት «ኤስቶይ ሱቢየንዶ» ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም ወንድሜ። ይሄ ከእንግሊዝኛ የመጣ ልማድ ነው። አንተ በአማርኛ «እየወጣሁ ነው ነገ» አትልም፤ እነሱም አይሉም። «ማኛና ሱቦ አ ደሴ» በቂ ነው። ታክሲ ውስጥ ሆነህ፣ ሐረጎ ላይ ጠመዝማዛውን እየወጣችሁ፣ የት ደረስክ ተብሎ ሲደወልልህ ግን ያኔ «ኤስቶይ ሱቢየንዶ» በል።

«ተቀምጧል» ለማለትም «ኤስታ ሴንታዶ» ነው፣ ሄሩንዲዮ አይገባበትም። እንግሊዝኛውን ተከትለው የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። አማርኛችን እዚህ ላይ በጣም ያግዘናል።

ጥያቄ፦ «ሁለት ዓመት ሆነኝ እየተማርኩ» እንዴት ይባላል?

መልስ፦ ይሄን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። እኔ ከሁሉም የምወደው አገባብ ነው። «ዬቦ ዶስ አኞስ ኤስቱዲያንዶ»። «ዬቦ» ቃል በቃል ሲወሰድ እሸከማለሁ፣ ይዤ እሄዳለሁ ነው። ሁለቱን ዓመት ተሸክመሽ እየተማርሽ ነው እንደማለት። «ሲጎ ኤስቱዲያንዶ» ደግሞ አሁንም አላቆምኩም፣ እየተማርኩ ነው።

«ባ»፣ ማለትም ይሄዳል፣ ሲቀድመው ነገሩ ቀስ በቀስ ይሆናል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ወደ ጦሳ ተራራ ቀና በዪ። ጭጋጉ ወደ ከተማው እየወረደ፣ እየወረደ ይመጣል። «ላ ኒየብላ ባ ባሃንዶ» ማለት ያ ነው። «ኤስታ ባሃንዶ» ብትዪ ስህተት የለውም፤ ቀስ በቀስነቱ ግን ይቀራል።

ጥያቄ፦ «መጽሐፍ የያዘ ካርቶን» ለማለትስ?

መልስ፦ «ኬ» ተጠቀም። የእኛ «የ» ማለት ነው። «ኡና ካሃ ኬ ኮንቲየኔ ሊብሮስ»። ሄሩንዲዮ እዚህ አይገባም።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ልጠይቅ። «ቡና መጠጣት እወዳለሁ» ውስጥ ይገባል?

መልስ፦ አይገባም። አማርኛው «መጠጣት» ካለ ስፓኒሹም ግሡን እንዳለ ይተወዋል፦ «ሜ ጉስታ ቶማር ካፌ»። «ከመጠጣት በፊት» ቢሆንም «አንቴስ ዴ ቶማር» ነው። ረከቦቱ ቀርቦ፣ አቦሉ ተቀድቶ እያወራን ከሆነ ግን «አብላሞስ ቶማንዶ ካፌ» እንላለን፤ ቡና እየጠጣን እናወራለን።