ለባትሪ ጠያቂው፦ ደሙን ጭቃ ያስመሰለብኝን መብራት ላውራህ

ሰላም ወንድሜ። «ለሌሊት ጉዞና ለካምፕ የሚሆን፣ እጅ ላይ የሚመች፣ ብርሃኑ ዓይን የማይወጋ ኒውትራል የእጅ ባትሪ ጠቁሙኝ» ያልከውን አየሁት። ከሥሩ የተደረደሩትን መልሶችም አየሁ። አንዱ «ዝም ብለህ 10,000 ሉመን ያለውን ግዛ» ይልሃል፤ ሌላው «ስልክህ መብራት የለውም እንዴ?» ይላል። ሁለተኛውን እለፈው። የመጀመሪያው ግን እኔን ራሴን ጉድ የሠራኝ ምክር ስለሆነ ሥራዬን አስቀምጬ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ሉመን የብርሃኑ ብዛት ነው፣ ኤልኢዲ ብርሃን የምትሰጠዋ ትንሿ ቺፕ ናት፤ ከዚህ በላይ እያብራራሁ አላደክምህም። «ኒውትራል»፣ ማለት ወደ ሰማያዊም ወደ ቢጫም ያላደላ፣ ብለህ የጠየቅክ ሰው ያንን አልፈኸዋል። በተራ ቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. ሣጥኑ ላይ መጀመሪያ የምትፈልገው ቁጥር ኬልቪኑን፣ ማለት የብርሃኑን መልክ የሚነግርህን ነው። ከ4000 እስከ 5000 ያለውን ያዝ። እኔ 4500 አካባቢ ያለውን ነው የምወደው። ከ6000 በላይ የሆነው ያ ሰማያዊ ሰማያዊ የሚለው ነጭ ነው፤ አትንካው። ከ3000 በታች ያለው ደግሞ ድንኳን ውስጥ ደስ ይላል፣ መንገድ ላይ ግን ሁሉን ነገር ቢጫ ያደርግብሃል። (ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርሃኑ «ቀዝቃዛ» መባሉ ግራ ካጋባህ፣ እሳት ውስጥ የገባ ብረትን አስብ፦ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ ሲብስበት ይነጣል፤ ቁጥሩ ግለቱን ነው የሚከተለው፣ «ቀዝቃዛ» የሚባለው መልኩ ነው። ሻማ 1900 አካባቢ ነው፣ የድሮው አምፑል 2700 አካባቢ።)

2. ሲአርአይ። ይህ ከ100 የሚታሰብ ቁጥር ነው፤ ብርሃኑ የነገሮችን ቀለም ምን ያህል ሳያዛባ እንደሚያሳይ ይነግርሃል። ሣጥኑ ላይ ካልተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ 70 አካባቢ ነው ብለህ ገምት። አንተ 90ና ከዚያ በላይ ነው የምትፈልገው። ለምን እንደሆነ በደረሰብኝ ነገር ብነግርህ ይሻላል።

የሁለት ወር ቁጠባዬን ሰብስቤ አንድ ባትሪ ገዛሁ። ሣጥኑ ላይ ያለው የሉመን ቁጥር ብቻውን ግማሹን ካርቶን ይዟል። ቤት ወስጄ መብራቱን ሁሉ አጥፍቼ ግድግዳው ላይ ሳበራው ፀሐይ ወጣች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው በመጣ ቁጥር እያበራሁ አስደነቅኩበት። በኋላ ስድስት ሆነን ጉዞ ወጣን፤ ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ መሸብን። የኔ ባትሪ ከሁሉም ስለሚበልጥ ከፊት አስቀመጡኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ቀደምኩ።

መንገዱ ላይ ድንጋዮቹ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ቀን ስንወጣ ከሩቅ እናየው ነበር። ማታ በኔ መብራት ግን ቀዩ ምልክት የረጠበ ድንጋይ ይመስላል። ሥሩም አፈሩም የወደቀው ቅጠልም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ። መታጠፊያውን ስተን አርባ ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ ነው የነቃነው። ተመልሰን ስንወጣ አንዱ ጓደኛችን ሥር አደናቅፎት በጉልበቱ ወደቀ። ሮጬ ሄጄ ያን ሁሉ ሉመን ጉልበቱ ላይ አፈሰስኩበት። ሱሪው ላይ ጠቆር ያለ እርጥብ ነገር ይታያል። «ጭቃ ነው፣ ምንም አልሆንክም፣ ተነሳ» አልኩት። ተነሳና ሄደ፤ እኔ ስላልኩት።

ትንሽ እንደሄድን ከኋላ የነበሩት ጋሼ ደረሱብን። እሳቸው የያዙት ያ ባለ ሁለት ድንጋይ የድሮ ባትሪ ነው፤ አምፑሏ ውስጥ ክሯ የምትታይ፣ ስንወጣ ስንስቅባት የዋልናት። ወደ ልጁ እግር አዞሩና «ምን ጭቃ ትላለህ፣ ይሄ ልጅ እየደማ አይደል እንዴ!» አሉኝ። በሳቸው ደብዛዛ ብርሃን ከጉልበቱ እስከ ካልሲው ቀይ ነው። እጄ ላይ ያለውን መልሼ ሳበራበት እንደገና ጭቃ ሆነ። ሁለቱን እየቀያየርኩ ሦስት ጊዜ አየሁት፤ አላምን ብዬ። ጋሼ ግን ትዕግሥታቸው አልቆ «መጫወቻ አደረግከው እንዴ? እሰረው!» ብለው ጮኹብኝ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። ነጭ የምንለው ኤልኢዲ ከውስጥ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ የተቀባው ቢጫ ነገር የሰማያዊውን ከፊል ቀይሮ ነጭ ያስመስለዋል። ርካሹ ላይ ቀዩ ክፍል በጣም ትንሽ ነው። ቀይ ነገር ደግሞ ቀይ ሆኖ የሚታየው የሚመልሰው ቀይ ብርሃን ሲያገኝ ነው። ካላገኘ ይጠቁራል፣ ቡኒ ይመስላል። ክር ያለው የድሮ አምፑል በዚህ በኩል ሙሉ ነው ማለት ይቻላል፤ ጉልበት ነው የሌለው። ስለዚህ የጋሼ ባትሪ አሸነፈኝ።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለ፣ ልብ በል። ሲአርአይ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የስምንት ፈዛዛ ቀለሞች አማካይ ነው፤ ደማቁ ቀይ እዚያ ውስጥ የለም። እሱ አር9 በሚል ለብቻው ይለካል። አምራቹ አር9ን ከጻፈልህ፣ ከ50 በላይ ከሆነም፣ ያ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነው። እኔ አሁን የምይዘው ኒቺያ 519ኤ የሚባል ኤልኢዲ ያለበትን ነው፤ የባትሪው አካል የማንም ቢሆን መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ኤልኢዲ ስም ነው የምጠይቀው። ሻጩ ስሙን ካላወቀ እወጣለሁ።

ስለ ሻጭ ካነሳሁ አይቀር፣ ያንን ባትሪ ልመልስ የሄድኩ ቀን ያየሁትን አበሳ ልንገርህ። ጋራንቲ አለው ብለው ነው የሸጡልኝ። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። አንዱ ወደ ሌላው ላከኝ፣ ሌላው ምሳ ወጥቷል ተባለ፣ ጠበቅኩ። የመጣው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ባትሪውን ተቀብሎ ዓይኔ ላይ አበራብኝ። «ይበራል አይደል? ታዲያ ምን ጎደለው?» ቀለም ያዛባል አልኩት። ፎርሙን አገላብጦ «ቀለም የሚል ብልሽት እዚህ የለም፤ አይበራም ነው ወይስ ተሰብሯል?» አለኝ። የደሙን ታሪክ ነገርኩት። ከኋላው የተቀመጠችው ልጅ ሳቀች። «ሐኪም ነህ እንዴ?» አለኝ እሱ። ዓይኔ ውስጥ አረንጓዴ ክብ እየዞረ ወጣሁ። ደረሰኙ እስካሁን አለኝ፤ ለምን እንደማልጥለው አላውቅም።

ደግሞ ችግሩ ቀለሙ ብቻ አይምሰልህ፣ ውስጡ የሚገባው የባትሪ ድንጋይም ውሸት ነበር። 18650 የሚባለው፣ ማለት 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ላዩ ላይ 9900 ሚሊአምፒር ሰዓት (ምን ያህል እንደሚይዝ የሚነግርህ ቁጥር) ተብሎ ተጽፎበታል። የሚለካ ቻርጀር ተውሼ ስለካው 1100 እንኳ በቅጡ አልሞላም። በዚህ መጠን ጥሩ የሚባሉት ድንጋዮች 3500 አካባቢ ናቸው። ወፈር የሚለው 21700 ደግሞ 5000 አካባቢ ይይዛል። ከዚህ በጣም የራቀ ቁጥር ካየህ ሣጥኑ ላይ ያለውን ሌላውንም ነገር አትመን።

3. የት ደረስኩ... አዎ፣ ሉመን። 10,000 ላለህ ሰው ይህን አሳየው። አንሲ ኤፍኤል1 የሚባል የአለካክ ደረጃ አለ፤ እሱን የሚከተል አምራች ሉመኑን የሚለካው ባትሪው ከበራ ከ30 ሴኮንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በ4ኛው ደቂቃ ግሎ ራሱን ቢቀንስ ቁጥሩ ላይ አይታይም። የኔው እጅ ያቃጥል ነበር፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ግማሽም አይሆንም። የሚቆይበት ሰዓት የሚባለውም ብርሃኑ ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለው ነው። ርቀቱ ደግሞ ብርሃኑ 0.25 ሉክስ እስኪሆን ድረስ ነው የሚለካው፤ ይህ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል ነው። 200 ሜትር ካለህ 200 ሜትር ላይ ያለውን ነገር በጨረቃ ታየዋለህ ማለት ነው እንጂ ሰው ይሁን ቁጥቋጦ አትለይም። ግማሹን አስብ።

ደግሞም ዓይናችን ሉመን ሲጨምር በዚያው ልክ አይጨምርም። እጥፍ የደመቀ እንዲመስልህ አራት እጥፍ ያህል ያስፈልጋል። እኔ መንገድ ላይ ከ100 እስከ 300፣ ካምፕ ላይ 20፣ ድንኳን ውስጥ ከ1 ሉመን በታች ነው የምጠቀመው። ያቺ ከ1 በታች ያለችው ደረጃ ከሌለችው አትግዛ፤ ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል፣ ሌሊት ለሽንት ተነስተህ 500 ሉመን ካፈነዳህበት እንደገና ከዜሮ ነው። የተኙት የሚሉህም ሌላ ነው።

4. የእጅ ምቾት። እዚህ ላይ ሰው «ትንሽ ይሁን» ይላል፤ እኔ አልስማማም። በጣም አጭር ከሆነ ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሰዓት ሙሉ ስትሄድ እጅህ ይዝላል። መዳፍህን ሞልቶ ከወዲያና ከወዲህ ጫፉ ትንሽ ብቅ የሚለው ነው ልኩ። አካሉ ላይ የተቦረቦረ መስመር ያለበት ይሁን፣ ልሙጡ በላብ ይንሸራተታል። ቁልፉ ከአካሉ ከፍ ያለ ወይም ጎድጎድ ያለ መሆኑን ዓይንህን ጨፍነህ ፈልገው። የመጀመሪያዬ ባትሪ ቁልፍ ከአካሉ ጋር እኩል ስለነበር ጨለማ ውስጥ እያዞርኩ ስፈልገው ፊቴ ላይ ነው የሚበራው። አንድ ቀን ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ራሱን አበርቶ የዝናብ ልብሴን አቃጠለ። አሁን ቦርሳ ስጨምር የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ያህል ፈታ አደርገዋለሁ፤ ብዙዎቹ በዚህ ይቆለፋሉ፣ ድንጋዩም ቀስ እያለ ከማለቅ ይድናል። ያ ብልጭ ድርግም የሚለው ነገር ከተራው ብርሃን ጋር ተራ ገብቶ የሚመጣ ከሆነም ተወው። ደረጃ ለመቀየር በጫንከው ቁጥር ጭፈራ ቤት ይሆንብሃል።

ዝናቡን ባጭሩ፦ አይፒኤክስ ውኃ የመቋቋም ደረጃ ነው፤ 4 ርጭት ይችላል፣ 7 አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ፣ 8 ከዚያም በላይ። 7 ይበቃሃል። ጉም ካለበት ቦታ ትሄድ ይሆናል፤ ጭንቅላት ላይ የሚታሰረው ብርሃኑ ከዓይንህ አጠገብ ስለሚነሳ ጉሙ መልሶ ፊትህ ላይ ነጭ ግድግዳ ያቆምብሃል። የእጁን ወገብህ አካባቢ ዝቅ አድርገህ ያዘው፣ መሬቱ ይገለጥልሃል።

5. ስትገዛ። ግድግዳ ላይ አታብራ! ግድግዳ ላይ ሁሉም ባትሪ ቆንጆ ነው። መዳፍህን ዘርጋና በትንሹ ደረጃ አብራበት። ጥሩው ብርሃን የጣቶችህን ጫፍ ቅላት፣ መስመሮቹ ውስጥ ያለውን ጠይም፣ ሥርህን ሳይቀር ለያይቶ ያሳይሃል። መጥፎው እጅህን የሬሳ እጅ ያስመስለዋል። ከዚያ አንድ ቀይና አንድ ቡኒ ነገር ጎን ለጎን አድርገህ እይ። አንዳንዱ ደግሞ 4500 ተብሎ ተጽፎበት ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል፣ በአንድ ኬልቪን ሁለት ዓይነት መልክ ይኖራል። ወደ ጽጌረዳ ቀለም ትንሽ ያደላው ለዓይን ይለዝባል። መጨረሻ ላይ የስልክህን ካሜራ ከፍተህ ዝቅተኛውን ደረጃ አሳየው፤ ጥቁር መስመሮች ከሮጡበት ብርሃኑ ቶሎ ቶሎ እየጠፋ እየበራ ነው፣ እንደኔ ራስ ምታት ያለብህ ከሆነ ይነሳብሃል።

ሻጩ «ምን እያደረግክ ነው?» ካለህ አትፈር። እኔ አሁን ቀይ ክር ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የምሄደው።

የመረጥከውን ከመክፈልህ በፊት የሣጥኑን ጎን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ ፊት ለፊቱን አይደለም፣ ጥቃቅን ጽሑፍ ያለበትን ጎን። ማታ ማታ እገባለሁ፣ አይቼ እነግርሃለሁ። የጓደኛዬ ጉልበት በአምስት ስፌት ድኗል፤ አሁንም ጭቃ ባየ ቁጥር ወደኔ ዞሮ «ሐኪሙ፣ ይሄስ ምንድን ነው?» ይለኛል።