ሴዴኡ የምርጫ ወረቀቴ ላይ ለምን ጠፋ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኑርንበርግ የምኖር ነርስ ነኝ። ዜግነት አግኝቼ በየካቲት 2025 ለመጀመሪያ ጊዜ ለቡንደስታግ (ለጀርመን ፌዴራል ምክር ቤት) መረጥኩ። የሴዴኡን (የክርስቲያን ዴሞክራቶችን ፓርቲ) መሪ ፍሪድሪሽ ሜርዝን እመርጣለሁ ብዬ ሄጄ ወረቀቱን ባገላብጠው ሴዴኡ የሚባል የለም፤ ያለው ሴኤስኡ (የክርስቲያን ሶሻል ኅብረት የሚባለው ፓርቲ) ነው። ግራ ገብቶኝ ሌላ ፓርቲ መርጬ ወጣሁ። ሁለቱ ምንና ምን ናቸው?
ት.፣ ከኑርንበርግ

መልስ፦ ልጄ ት.፣ ወረቀቱ ትክክል ነበር። ሴዴኡ ኑርንበርግ ባለችበት ክፍለ ግዛት፣ ባየርን ውስጥ አይወዳደርም፤ ሴኤስኡም ከባየርን ውጭ እጩ አያቀርብም። ቡንደስታግ ሲገቡ ግን ከ1949 ጀምሮ አንድ የጋራ ቡድን ናቸው። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ለሴኤስኡ ሰጥተሽ ቢሆን ድምፅሽ ለሜርዝ መራሔ መንግሥትነት ይቆጠር ነበር። ይህን ሳያውቅ የሚመርጥ ወገን ብዙ ስለሆነ ጠንከር አድርጌ ልንገርሽ።

ባየርኖች ለብቻ መቆም የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። በ1918 የባየርን ካቶሊኮች ከአገር አቀፉ የካቶሊኮች ፓርቲ ተለይተው የባየርን ሕዝብ ፓርቲን አቋቋሙ። በ1925 የፕሬዚዳንት ምርጫ ጭራሽ የቀድሞ ወንድሞቻቸውን እጩ፣ ካቶሊኩን ቪልሄልም ማርክስን ትተው ፕሮቴስታንቱን ሂንደንቡርግን ደገፉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተመሠረተው ሴኤስኡ ደግሞ ካቶሊኩንና ፕሮቴስታንቱን በአንድነት ሰበሰበ። አንቺ ባለሽበት በፍራንከን ፕሮቴስታንቱ ብዙ ነውና፣ ያ ባይሆን እዚያ እግሩን አይተክልም ነበር።

ሥልጣኑም ከመጀመሪያው የተደላደለ አልነበረም። ከ1954 እስከ 1957 አራት ፓርቲዎች ተባብረው፣ ትልቁን ፓርቲ ሴኤስኡን ከባየርን መንግሥት ውጭ አቆዩት። ከ1957 ወዲህ ግን የባየርን ጠቅላይ ሚኒስትርነት ከእጁ ወጥቶ አያውቅም።

አሁን ሁለቱ ሊለያዩ የደረሱበትን የክሮይትን ስብሰባ ላንሳልሽ። በ1976 ሙኒክ ተማሪ ነበርኩ፤ የምኖረው የሴኤስኡ አባል የሆነ ሥጋ ሻጭ ቤት ክፍል ተከራይቼ ነው። በዚያ ዓመት ምርጫ ሁለቱ ፓርቲዎች 48.6 በመቶ አግኝተውም ተቃዋሚ ሆነው ቀሩ። የሴኤስኡ ሊቀ መንበር ፍራንዝ ዮሴፍ ሽትራውስ በሴዴኡ ሊቀ መንበር በሄልሙት ኮል ላይ በግኖ ነበር። ኅዳር 19 ቀን የሴኤስኡ እንደራሴዎች ቪልድባድ ክሮይት በምትባል የባየርን ስፍራ ተሰብስበው ከሴዴኡ ጋር ያላቸውን የጋራ ቡድን ለማፍረስ ወሰኑ። አከራዬ ያን ምሽት ጠረጴዛ እየደበደበ «በመጨረሻ!» ሲል ነበር። ሴዴኡ ግን «እንግዲያው እኛም ባየርን ውስጥ ቅርንጫፍ እንከፍታለን» አለ። ሰውየው ዝም አለ። ከደንበኞቹ ግማሹ ወደ ሴዴኡ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ሚስቱም ከሚሄዱት አንዷ ነበረች። ታኅሣሥ 12 ውሳኔው ተሻረ። ሁለቱን እስከ ዛሬ አንድ ላይ ያቆያቸው ይህ ፍርሃት ነው እላለሁ፤ አንዱ የሌላውን ደጅ ቢረግጥ ሁለቱም ይከስራሉ።

ሴኤስኡ ሁለት ጊዜ የጋራውን እጩ ከራሱ አቀረበ፤ በ1980 ሽትራውስን፣ በ2002 ኤድሙንድ ሽቶይበርን። ሁለቱም ተሸነፉ።

በ2018 በጋ ደግሞ የሴኤስኡ ሊቀ መንበርና የፌዴራሉ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሆርስት ዜሆፈር በሌላ የአውሮፓ አገር የተመዘገቡ ጥገኝነት ጠያቂዎች ከድንበር ይመለሱ ሲል፣ የሴዴኡዋ መራሔ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ጀርመን ለብቻዋ ይህን ማድረግ የለባትም አለች፤ ኅብረቱ ለጥቂት ሊፈርስ ነበር። ያን ሰሞን በኛ ቡና ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም፤ ወንድሙን በጣልያን በኩል የሚጠብቅ ሰው መካከላችን ተቀምጦ ነበርና። በጥቅምቱ የባየርን ምርጫ ሴኤስኡ ወደ 37.2 በመቶ ወረደ፤ ነፃ መራጮች ከሚባለው ፓርቲ ጋርም ተጣመረ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፦ የባየርንና የበርሊን ጥምረት አንድ አይደለም። ሴኤስኡ በባየርን ዋና ከተማ ሙኒክ ላይ የሚያስተዳድረው ከነፃ መራጮች ጋር ነው፤ በፌዴራሉ መንግሥት መቀመጫ በርሊን ላይ ግን በ2025 ከሴዴኡና ከሶሻል ዴሞክራቶች ጋር መንግሥት መሠረተ። በ2028 መኸር የባየርን ምክር ቤት ምርጫ ሲመጣ የምትመርጪው ለሙኒክ ነው፤ ሜርዝን እዚያ ወረቀት ላይ አትፈልጊው።