«ኮሌስትሮሉ 108 ነው ተባለ፤ ደስ ይበለኝ ወይስ ልስጋ?»

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የ44 ዓመቱ ባለቤቴ ከነሐሴ ጀምሮ መተማ ወርዶ በሰሊጥ ሥራ ላይ ከከረመ በኋላ በኅዳር መጨረሻ ተመለሰ። ከመጣ ወዲህ እየከሳ ሄዶ ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቷል፤ ማታ ማታም «በረደኝ» እያለ በብርድ ልብሱ ላይ ጋቢ ይደርባል። ስኳር ይሆን ብዬ ስለ ሠጋሁ አንድ የግል ክሊኒክ ወስጄ አስመረመርኩት። ስኳሩ ደህና ሆኖ ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 108፣ ኤልዲኤሉ (መጥፎ የሚባለው የኮሌስትሮል ዓይነት) 52 ተባለ። ባለሙያው «ዕድለኛ ነህ» ብሎ ሸኘን፤ ጎረቤቶቼ ግን ከልክ በታች መውረዱም አደጋ አለው ይላሉ። የነቢያት ጾም ነው እንዳልል እኔም እኩል ጾሜያለሁ። ቅቤና እንቁላል ባበዛለት ይስተካከላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ በፊት ዓይኔ ያረፈው የቀበቶው ቀዳዳ ላይ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኮሌስትሮል ስሙ ከልብ ሕመም ጋር ተያይዞ ቢጠፋም ያለ እርሱ መኖር አይቻልም። የእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን፣ ስብ የሚያስፈጨው ሐሞት፣ ቫይታሚን ዲ፣ የወንድና የሴት ሆርሞኖች ሁሉ የሚሠሩት ከእርሱ ነው። አብዛኛውን የሚያመርተው ራሱ ሰውነታችን፣ በተለይም ጉበት በመሆኑ፣ ጾም ጥቂት ዝቅ ቢያደርገው እንጂ እርስዎ እንደ ታዘቡት ብቻውን ሰውን እንዲህ አያከሳም። ጠቅላላው ከ200 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ጥሩ ነው ይባላል፤ ከ120 በታች ሲወርድ ግን ብዙ ሐኪሞች «ለምን?» ብለው ይጠይቃሉ።

ጎረቤቶችዎ ያሉት መሠረት አለው። በአሜሪካ ወደ 28 ሺህ በሚጠጉ ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ኤልዲኤላቸው ከ70 በታች ከሆኑት መካከል 0.8 በመቶው፣ ከ100 እስከ 130 ከሆኑት መካከል ደግሞ 0.4 በመቶው በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስ እንደ ደረሰባቸው አሳይቷል። እጥፍ ነው ሲባል ቢያስደነግጥም ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ከድብርት ጋር፣ በነፍሰ ጡሮችም ላይ ያለ ጊዜው ከመውለድ ጋር ያያያዙት ጥናቶች አሉ፤ ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱ አልተረጋገጠም። በሌላ በኩል፣ ኢቮሎኩማብ በተባለ መድኃኒት ኤልዲኤላቸው እስከ 30 የወረደ የልብ ሕሙማን የጎላ ጉዳት አልታየባቸውም፤ በተፈጥሯቸው እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ በጤና የሚኖሩም አሉ። ስለዚህ ባለቤትዎ ሳይከሱና ሳይበርዳቸው ይህ ቁጥር ቢገኝባቸው ኖሮ እኔም «ደህና ነዎት» ብዬ እሸኛቸው ነበር።

ነገር ግን ከስተዋል፣ ይበርዳቸዋል፣ መተማ ከርመዋል። ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገል ኮሌስትሮል ይወርዳል፤ በመተማና በሁመራ ቆላ ከሚገኙት በሽታዎች ደግሞ ካላ አዛር (የውስጥ አካል ሊሽማንያሲስ) እንዲህ ያደርጋል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ የመረሬ አፈር ውስጥና በግራር ሥር ትውላለች፤ ውጭ የሚያድሩትን የቀን ሠራተኞች በሌሊት ትነክሳለች፤ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ይመጣል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ መክሳት፣ በግራ ጎን ከጎድን አጥንት በታች የሚዳሰስ የጣፊያ ማበጥና የደም ማነስ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ካልታከመ ይገድላል፤ ከታከመ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል።

እርግጥ ነው፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ሕመምና ከልክ በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢም ኮሌስትሮልን ያወርዳሉ፤ የመጨረሻው እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብን ያስመታል። ወባም ስላለ የትኛው እንደሆነ በምርመራ እንጂ በግምት አይለይም።

እንቁላሉን ይስጧቸው፤ የከሳ ሰው መመገብ አለበት። ቅቤው ቁጥሩን ቢያነሣው እንኳ ያወረደውን ነገር አይነካውም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሊሽማንያሲስ ሕክምና ማዕከል ስላለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። በዚህ ሳምንት ይውሰዷቸው፤ ነስር፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ጥቁር ዓይነ ምድር ከታየ ግን በዚያው ዕለት። የክሊኒኩን ወረቀት ይያዙ፤ መተማ መክረማቸውንም ሐኪሙ ሳይጠይቅዎ ቀድመው ይንገሩት።